የልጆች የዓመት ሒሳብ

ዘመን ተለውጦ መስከረም ሲጠባ በክርስቲያን ቤት ሁሉ ሁለት ዐይነት ሒሳብ ይደረጋል። አንደኛው የገንዘብና የእህል ሒሳብ ነው፤ የገባውና የወጣው፥ የተበደሩትና ያበደሩት በመዝገብ ተጽፎ ይመረመራል። ሁለተኛው ግን በመዝገብ ሳይሰፍር በአፍ ብቻ የሚነገር የልጆች ሒሳብ ነው። ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ ከደጅ ወደ ደጅ ሲዞሩ፥ በቤት ውስጥ ደግሞ «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት የመጣው ዘመድ ወንበሩን ስቦ ከተቀመጠ በኋላ፥ «የበኵሩ ልጅ አሁን ከምን ደረሰ? ሴቲቱስ ስንተኛ ክፍል ገባች? ያ ትንሹ ዳዊት መድገም ጀመረን?» እያለ ይጠይቃል። አባትና እናትም በየተራ ይመልሱለታል።

ይህ ልማድ መልካም ነው። ልጅ በዓመት ውስጥ ምን ያህል እንዳደገ የሚታወቀው፥ ባለፈው ዓመት የነበረበትን ስፍራ የሚያስታውስ ሰው ሲኖር ነውና። ዛሬም ብዙዎች ዘመዶቻችን በአሜሪካና በአውሮፓ፥ በኢየሩሳሌምና በዐረብ አገሮች ተበትነው ስለሚኖሩ፥ ይኸው የልጆች ሒሳብ በደብዳቤና በስልክ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። ነገር ግን በዚህ ሒሳባችን ውስጥ አንድ ጕድለት እናያለን። የሚያኰራንን ልጅ ስም ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንጠራለን፤ በትምህርቱ የወደቀውን፥ በጠባዩ ያሳዘነንን፥ ወይም በሕመም ምክንያት ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የቀረውን ግን «እሱም ደኅና ነው» ብለን በጥቂት ቃል እናልፈዋለን። ልጁም በጓዳ ሆኖ ይህን ይሰማል።

ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፥ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ገደማ የነበረ አንድ አባት የልጆቹን ሒሳብ እንዴት አድርጎ እንደ ጻፈ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ሰውዬው ጀርመናዊው የሙዚቃ ሊቅ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ነው። ድርሰቶቹ እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ሁሉ በአብያተ ክርስቲያናትና በአዳራሾች ይሰማሉ፤ እኛ ግን የምንናገረው ስለ አባትነቱ ብቻ ነው። በታሪኩ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ባኽ በ1685 ዓ.ም. አይዘናኽ በምትባል ከተማ ተወለደ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላው እናቱም አባቱም ስለ ሞቱበት፥ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ወስዶ አሳደገው። ወገኑ እጅግ ብዙ ነበር፤ አብዛኞቹም በቱሪንጊያ ምድር ከተማ ለከተማ ተበትነው የቤተ ክርስቲያን መዘምራን አለቆች፥ ኦርጋን መቺዎችና የከተማ ሙዚቀኞች ነበሩ። ፎርከል የተባለ ጸሐፊ ከባኽ ልጆች የሰማውን ይዞ በ1802 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፥ እነዚህ ዘመዳሞች በዓመት አንድ ቀን ቈርጠው በኤርፉርት ወይም በአይዘናኽ ወይም በአርንሽታት ይሰበሰቡ ነበር። መጀመሪያ መዝሙር ዘምረው እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ፤ ከዚያም በኋላ እርስ በርሳቸው እየተሣሣቁ የጨዋታ ዘፈን ይዘፍናሉ። የቤተ ዘመድ ጕባኤ በእኛ አገር ብቻ ያለ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ባኽ ሁለት ጊዜ አገባ። በ1707 ዓ.ም. ያገባት የመጀመሪያይቱ ሚስቱ ማርያ ባርባራ ሰባት ልጆች ወለደችለት። በ1720 ዓ.ም. ያገለግለው የነበረውን የኬተንን መስፍን ተከትሎ ወደ ካርልስባድ ጠበል ሄዶ በተመለሰ ጊዜ፥ ጤነኛ አድርጎ የተዋት ሚስቱ ሞታ ተቀብራ አገኛት። በቤቱም አራት ልጆች ቀሩ፤ ታላቂቱ ዐሥራ አንድ፥ ታናሹም አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በሚመጣው ዓመት አና ማግዳሌና የምትባለውን የሃያ ዓመት ድምፀ መልካም ዘማሪት አገባ። እርስዋም የሟቺቱን ልጆች ከማሳደግ በላይ ዐሥራ ሦስት ልጆች ወለደች። እንግዲህ ከሁለቱም የተወለዱት ሃያ ናቸው ማለት ነው።

ይህ አባት ልጆቹን ለሌላ ሰው ብቻ አሳልፎ ሰጥቶ የሚያስተምር አልነበረም። በኵር ወንድ ልጁ ቪልሄልም ፍሪደማን ዘጠኝ ዓመት በሆነው ጊዜ፥ በጥር 22 ቀን 1720 ዓ.ም. በገዛ እጁ መማሪያ ደብተር ጀመረለት። በመጀመሪያው ገጾች ላይ የዜማውን ምልክቶችና የድምፆቹን ስሞች ጻፈለት፤ የትኛው ጣት በየትኛው ስፍራ እንዲያርፍም አመለከተው። ከመጀመሪያይቱም መለማመጃ ዜማ በላይ «በኢየሱስ ስም» ለማለት ሦስት ፊደላት አኖረ። በእኛም አገር መምህሩ ለተማሪው «በስመ አብ» ብሎ ከጀመረለት በኋላ ወደ ፊደሉ እንደሚያሻግረው የሚያስታውስ ሰው፥ ይህ ደብተር እንግዳ አይሆንበትም።

በ1723 ዓ.ም. ባኽ ወደ ላይፕዚግ ከተማ ሄዶ የቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት የመዘምራን አለቃ ሆነ። በመስፍኑ ቤት ከነበረው ማዕርግ ሲታይ ይህ ሹመት ዝቅ ያለ መስሎት ነበር። ነገር ግን ወንዶች ልጆቹ ወደ ትምህርት ያዘነበሉ ስለ ሆኑና ላይፕዚግም ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ስለ ሆነች፥ ይህም አንዱ ምክንያት ሆኖት ሹመቱን ተቀበለ። ስለ ልጆቹ ትምህርት ብሎ ከማዕርጉ የወረደ አባት ምን ያህል እንደሚመሰገን ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልገንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንድረስ። በጥቅምት 28 ቀን 1730 ዓ.ም. ባኽ ለልጅነት ጓደኛው ለጌዮርግ ኤርድማን ደብዳቤ ጻፈ። ኤርድማን በዚያ ጊዜ በዳንዚግ ከተማ የሩስያ መንግሥት እንደራሴ ነበርና፥ ባኽ በዚያ ሌላ ሥራ እንዲፈልግለት ይለምነዋል። የሥራውን ችግር በግልጽ ይነግረዋል። በዓመት የሚያገኘው 700 ታለር ያህል ነው፤ ይህም ታለር በአገራችን ማርትሬዛ ተብሎ ለሚታወቀው ብር ዘመድ ነው። ከዚህም ገቢ አንዱ ክፍል ለቀብር መዝሙር የሚከፈለው ስለ ሆነ፥ አየሩ ጤና የሆነ እንደ ሆነ ሟች ያንሳል፤ ሟች ካነሰም ገቢው ይቀንሳል ብሎ ያማርራል። ባለፈው ዓመት በዚህ ምክንያት ከመቶ ታለር በላይ እንደ ጐደለበትም ይጨምራል። ብዙ ልጆች ያሉት ሰው የሚናገረውን እውነት ተናገረ።

ከዚህ በኋላ የልጆቹን ሒሳብ ይጀምራል። ከመጀመሪያይቱ ሚስቱ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት፥ ከሁለተኛይቱም አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች በሕይወት እንዳሉት ይቈጥራል። ታላቁ ወንድ ልጅ ሕግ ይማራል። ሁለቱ ታናናሾቹ ገና በትምህርት ቤት ናቸው፤ አንዱ በአንደኛው፥ አንዱም በሁለተኛው ክፍል ነው። ታላቂቱ ሴት ልጅ ገና አላገባችም። የሁለተኛይቱ ሚስት ልጆች ገና ሕፃናት ናቸው፤ ከእነርሱም በኵር የሆነው ወንዱ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሁሉም ከመወለዳቸው ጀምረው ሙዚቀኞች ስለ ሆኑ፥ በቤቱ ሰዎች ብቻ የድምፅና የመሣሪያ ጕባኤ ለማቆም እንደሚችል፥ ይልቁንም የሚስቱ ድምፅ ጥሩ እንደ ሆነና ታላቂቱም ልጁ ደኅና አድርጋ እንደምታግዝ በደስታ ይናገራል።

እነሆ፥ የአንድ ቤት የዓመት ሒሳብ ይህን ያህል አጭር ነው። ማንኛውም አባት ቢሆን በእንቍጣጣሽ ቀን ለዘመዱ የሚናገረው ከዚህ አይለይም። ነገር ግን ደብዳቤውን በማስተዋል ስናነበው «በሕይወት ያሉት» የሚለው ቃል ዐይናችንን ይይዘዋል። ባኽ ይህን በጻፈበት ቀን ከሁለቱ ሚስቶቹ የተወለዱለት ልጆች ዐሥራ አራት ነበሩ። ሰባቱ በሕይወት አሉ፤ ሰባቱም በመቃብር ናቸው። በዚያው ዓመት በጥር መባቻ የተወለደችው ሴት ልጅ በአራተኛው ቀን ሞታለች። ሰባቱ ሙታን በደብዳቤው ውስጥ ስማቸው አልተጠራም፤ ነገር ግን አባታቸው በመንፈሱ ሳይቈጥራቸው የጻፈ አይመስለንም። ኋላም ሌሎች ሦስት ሕፃናት ሞቱበትና ከሃያው ለአካለ መጠን የደረሱት ዐሥር ብቻ ሆኑ።

ይህ ኀዘን በእኛ አገርም እናቶች የሚያውቁት ነው። በአገራችን አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከ1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደ ነበር ታውቋል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ግን ቍጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ክትባቱና የጤና ጣቢያው ብዙ እንደ ረዱ ግልጽ ነው። ስለዚህ በዛሬ ጊዜ ልጆቹ በሙሉ በማዕዱ ዙሪያ ተቀምጠው የሚያይ አባት፥ ይህን እንደ ተራ ነገር ሳይቈጥር ፈጣሪውን ሊያመሰግን ይገባዋል።

ባኽ አምሳ ዓመት በሞላው ጊዜ፥ በ1735 ዓ.ም. የወገኑን ታሪክ በተራ ቍጥር ጻፈ። ከዳቦ ጋጋሪው ከፋይት ባኽ ጀምሮ 53 ሰዎችን ቈጠረ። ይህ ፋይት ወፍጮ ቤት በሄደ ጊዜ ትንሽ የክር መሣሪያ ይዞ፥ ድንጋዩ እህሉን ሲፈጭ እሱ ይጫወት እንደ ነበር ተጽፎለታል። ሰባት ቤት ቈጥረን የምንጋባ እኛ ኢትዮጵያውያን ትውልድ የመቍጠርን ነገር በሚገባ እናውቀዋለን። ይሁን እንጂ ትውልድን ወደ ላይ መቍጠር ክብርን ሲያሳይ፥ ልጆችን ወደ ታች መቍጠር ግን ልብን ይፈትናል። ባኽንም ይኸው ፈተና አገኘው።

ከመጀመሪያይቱ ሚስት ወንዶች ልጆች አንዱ ዮሐን ጎትፍሪድ ቤርንሃርድ ይባላል። እናቱ በሞተች ጊዜ አምስት ዓመት የሆነው ያ ታናሹ ልጅ ነው። አባቱ ስለ እርሱ ለሹማምንት ደብዳቤ ጽፎ በሃያ ዓመቱ በሙልሃውዘን ከተማ ኦርጋን መቺ አስደረገው። ልጁ ግን በዚያ ዕዳ ገባ፤ አባቱም ከፈለለት። ሁለተኛም በ1737 ዓ.ም. በዛንገርሃውዘን ሌላ ሥራ አገኘለት። በሚመጣው ዓመት በጸደይ ወራት ልጁ እንደ ገና ተበድሮ፥ የት እንደ ሄደ ለማንም ሳይናገር ጠፋ።

በዚያን ጊዜ ባኽ ለልጁ ሥራ እንዲያገኝለት አስቀድሞ ለለመነው ለዛንገርሃውዘኑ ሰው ለክሌም በግንቦት 24 ቀን 1738 ዓ.ም. ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። ልጁን ካለፈው ዓመት ወዲህ እንዳላየው፥ አሁንም የሰማው ነገር እንዳስደነገጠው ይናገራል። ምክርም፥ ፍቅርም፥ ርዳታም ከእንግዲህ እንደማይበቃና፥ መስቀሉን በትዕግሥት ተሸክሞ ያልተገራውን ልጁን ለእግዚአብሔር ምሕረት ብቻ አሳልፎ እንደሚሰጥ፥ እግዚአብሔርም የኀዘን ልመናውን እንደሚሰማው እንደማይጠራጠር ይገልጻል። ዕዳውን በሚመለከትም ነገር በጽሑፍ ወይም በልጁ ቃል ሳይረጋገጥ እንደማይከፍል ያስታውቃል። በመጨረሻም ልጁ ያለበትን ስፍራ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እንዲነግረው ይለምናል።

አንባቢዎቻችን ሁለቱን ደብዳቤዎች አጠገብ ለአጠገብ አድርገው እንዲመለከቱልን እንወዳለን። በ1730 ዓ.ም. ደብዳቤ ይህ ልጅ ከወንድሙ ጋራ ተደርቦ በትምህርት ቤት የሚገኝ ተማሪ ተብሎ ተቈጥሯል። በ1738 ዓ.ም. ደብዳቤ ግን ብቻውን ነው፤ ገጹን በሙሉ ይዞታል። አባቱ ጥፋቱን አልሸሸገም፤ ያለ መረጃ ገንዘብ በመስጠትም ጥፋቱን አላበረታታም። ነገር ግን «ልጄ አይደለም» አላለም። ከሒሳቡ አልሰረዘውም። የጠፋውን ልጅ ወደ መንገዱ እየተመለከተ ይጠብቅ የነበረውን የወንጌሉን አባት እዚህ ላይ እናስታውሳለን። የቤርንሃርድ መጨረሻ ግን አሳዛኝ ሆነ። በ1739 ዓ.ም. መጀመሪያ በየና ዩኒቨርሲቲ ሕግ ለመማር ከተመዘገበ በኋላ፥ በዚያው ዓመት በግንቦት 27 ቀን በትኵሳት በሽታ ሞተ። ዕድሜው ሃያ አራት ዓመት ነበር።

በ1730 ዓ.ም. ደብዳቤ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ የተጠቀሰውም ጎትፍሪድ ሃይንሪኽ የሚባለው ነው። ወንድሙ ስለ እርሱ እንደ ጻፈው፥ ታላቅ ተሰጥዎ ነበረው፤ ነገር ግን ተሰጥዎው ሳይጐለምስ ቀረ። ራሱን ችሎ ለመኖርም አልቻለም። አባቱ ከሞተ በኋላ እኅቱ ኤልሳቤጥና ባልዋ አልትኒኮል በናውምቡርግ ከተማ ተቀብለውት ኖረ፤ በዚያውም በ1763 ዓ.ም. ሞተ። የሌሎቹን ወንድሞቹን ዝና መጻሕፍት ሁሉ ይናገራሉ። ካርል ፊሊፕ ኤማኑኤል የፕሩስያን ንጉሥ አገለገለ፤ ታናሹ ዮሐን ክሪስቲያን ደግሞ በለንደን ከተማ ታላቅ ስም አገኘና በ1764 ዓ.ም. የስምንት ዓመቱን ልጅ ሞዛርትን በወዳጅነት ተቀበለው። ድካም ያለበትን ወንድምዋን በቤትዋ ያኖረችው የኤልሳቤጥ ሥራ ግን በእኛ አስተያየት ከእነዚህ ክብሮች አያንስም።

በአባቱ የተወደደው፥ ደብተር የተጀመረለት በኵሩ ቪልሄልም ፍሪደማንም ሥራውን ትቶ ብዙ ከተንከራተተ በኋላ በ1784 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ በድህነት ሞተ። እንግዲህ በ1730 ዓ.ም. በአንድ ዐረፍተ ነገር አጠገብ ለአጠገብ ከተጻፉት ሦስት ወንድማማቾች አንዱ በክብር፥ አንዱ በድህነት፥ አንዱም በስደት ሳለ በአጭር ጊዜ ተቀጨ። በዚያ ቀን ይህን ለይቶ ሊናገር የሚችል አባት አልነበረም። የእናት ሆድ ዥንጕርጕር ነው ያሉ አባቶቻችን ይህን ተመልክተው ነው።

ባኽ በሐምሌ 28 ቀን 1750 ዓ.ም. ሲሞት በሕይወት ያሉት ልጆቹ ዘጠኝ ነበሩ። ኑዛዜ ስላልተወ ንብረቱ ለሚስቱና ለልጆቹ ተከፈለ። አና ማግዳሌናም በ1760 ዓ.ም. ስትሞት ከምጽዋት በሚሰጣት ገንዘብ ትኖር ነበር። የሁሉ ታናሽ የሆነችው ሬጊና ሱዛና እስከ እርጅናዋ ድረስ ሳታገባ ኖረች፤ በመጨረሻም ከዚያ ሁሉ ልጅ እርስዋ ብቻ ቀረች። በ1800 ዓ.ም. አንድ የሙዚቃ ጋዜጣ የሊቁ ልጅ በችግር ላይ መሆንዋን ገልጾ ሕዝቡ እንዲረዳት ለመነ። ገንዘብም ተሰበሰበላት፤ ቤቶቨንም ለመርዳት እንደሚፈልግ ጻፈ። ጋዜጣ ለአንዲት የተረሳች ልጅ መድረሱን ስንሰማ እኛም በሥራችን ደስ ይለናል፤ ነገር ግን የቤት ሒሳብ ወደ ጋዜጣ ሳይደርስ በቤት ቢቃና ይሻላል።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ምክር ምንድን ነው? በመጀመሪያ፥ አባትና እናት የልጆቻቸውን ነገር በአፍ ብቻ ሳይተዉ ለዚሁ በተለየ ደብተር ይጻፉ። የተወለዱበትንና ክርስትና የተነሡበትን ቀን፥ የክርስትና ስማቸውን፥ የተከተቡትን ክትባት፥ በየዓመቱም በግድግዳ ላይ የተለካውን ቁመታቸውን፥ የጀመሩትንና የፈጸሙትን ትምህርት ያስፍሩ። በሁለተኛም፥ ለያንዳንዱ ልጅ እኩል ገጽ ይስጡ። ብዙ የሚያስመሰግን ሥራ ለሌለው ልጅ ገጹ ባዶ እንዳይቀር፥ ዘንድሮ የደፈረውን፥ የታገሠውን፥ ለታናሹ ያደረገውን ርኅራኄ ፈልገው ይጻፉ። ቢፈልጉት ይገኛል። በሦስተኛም፥ የሞተውን ሕፃን ስም ከመዝገቡ አይፋቁ፤ እሱም ከቤቱ ልጆች አንዱ ነበረና። በአራተኛም፥ ያጠፋውን ልጅ ጥፋት እንደ ባኽ በእውነት ይጻፉ፤ ዕዳውን ይመርምሩ፤ ነገር ግን ያለበትን ስፍራ መጠየቅን አይተዉ።

ጻድቁ ኢዮብ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩት። የግብዣቸው ቀን ባለፈ ጊዜ ማልዶ ተነሥቶ በቍጥራቸው ልክ መሥዋዕት ያቀርብላቸው እንደ ነበር መጽሐፍ ይናገራል። በቍጥራቸው ልክ መባሉን ልብ እንበል፤ ለጨዋዎቹ ብቻ አልተባለም።

በሚመጣው እንቍጣጣሽ ዘመድ መጥቶ «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ፥ በጓዳ ሆኖ የሚያደምጠው ልጅ ስሙ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ስም ጋራ በአንድ ድምፅ ተጠርቶ ይስማ። እግዚአብሔር ለአንባቢዎቻችን ሁሉ ልጆቻቸውን ይባርክላቸው፤ የጠፋውንም ይመልስላቸው፤ ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም ያሸጋግራቸው።